የወደቀ ግንድና ምሣሩ፦ ከቤሌ መንገድ ላይ የተነሣ የታሪክ ጥያቄ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገራችን ሰው። ይኸው ሰው በዚያው አፉ «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» ይላል። የመጀመሪያውን የሚለው ግፍ በበዛበት ቀን፣ ቀና ብሎ ማየት ሲፈራ ነው። ሁለተኛውን የሚለው ማታ በሩን ዘግቶ፣ እሳት ዳር ከልጆቹ ጋር ሲቀመጥ ነው። የምድሩ ዳኛ ሲታጣ የሰማዩ ይጠራል። ለመሆኑ ታሪካችን ከሁለቱ አባባሎች ለየትኛው ይመሰክራል? ጻድቁን የሚያነሣ፣ ግፈኛውን የሚጥል እጅ በታሪክ ውስጥ ይታያል? ወይስ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ማን እንደወደቀ ካየን በኋላ ነው «ድሮም ኃጥእ ነበር» የምንለው?

ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣብንም፤ ከመንገድ ነው የመጣብን። የመስቀል ሰሞን፣ ወላይታ ዘመን መለወጫውን ጊፋታን በሚያከብርበት ጊዜ፣ ሦስት ሆነን ከሶዶ ወደ ቤሌ ወረድን። ቤሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። የዳሞታ ተራራ ወደ ኋላ እየራቀ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎው እየበዛ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ሲሄድ የኦሞ ሸለቆ መቅረቡ ይታወቃል። ዛሬ ያ አካባቢ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጊቤ 3 ግድብ ነው። ቀድሞ ግን ቆላው የሚታወቀው በወባው ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት «ዋዱ» በሚባለው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት አማካይነት፣ መሬት የጠበባቸው የደጋ ገበሬዎች ወደ ቤሌና ወደ አበላ ቆላ ወርደው ሰፍረዋል።

ሦስታችንም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነን። ወደዚያ አገር የሚወስደን የዘር መንገድ ግን ለየቅል ነው። የአንዳችን ቅም አያት ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ወደ ወላይታ የወረደ ወታደር ነው። የሁለተኛዋ ቅም አያት በዚያው ዘመቻ ተማርካ ወደ ሸዋ የተነዳች ሴት ናት፤ ቤተሰቡ ስሟን እንጂ መንደሯን አያውቅም። ሦስተኛው የቤሌ ልጅ ነው፤ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደገ። መኪናው ውስጥ የታሪክ ወሬ ተነሣና አንዱ ሳያስብበት «ጦና የወደቀው እግዚአብሔር ከምኒልክ ጋር ስለነበረ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ኪሎ ሜትር የተነፈሰ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያ ዝምታ ስለከበደን ነው።

፩

በመጽሐፍ ከሚገኘው እንጀምር። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ንጉሥ ሞቶሎሚ ክፉ ሰው ነው። አገር ይወራል፤ የካህኑን የጸጋ ዘአብን ሚስት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባት ድግስ ይደግሳል። ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ ሴቲቱን ከመካከላቸው ነጥቆ ለባሏ ይመልሳታል። ኋላ ከእርሷ ተክለ ሃይማኖት ይወለዳል። ልጁ አድጎ ሊሰብክ ወደ ዳሞት ሲወርድ ያው ንጉሥ ከገደል ያስወረውረዋል፤ መልአኩም ዳግመኛ ይደርስለታል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የለመድነው ነው። ጻድቁ ይጠበቃል፤ አሁን የቀረው የግፈኛው መውደቅ ብቻ ነው እንላለን። እንጠብቃለን፤ አይወድቅም። መብረቅ አይመታውም፣ ምድርም ተከፍታ አትውጠውም። ያምናል፣ ይጠመቃል። ገድሉን የጻፉት መነኮሳት ክፉውን ንጉሥ ለማጥፋት ብዕሩ በእጃቸው ነበረ፤ መመለሱን መረጡ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ወላይታ ሲኬድ ያው ስም ሌላ ፊት አለው። በወላይታ ትውፊት ሞቶሎሚ ሳቶ የወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥት መሥራች፣ የአገር አባት ነው። የዳሞታ ተራራም የድሮውን መንግሥት ስም እንደያዘ ሶዶ አናት ላይ ቆሟል። በዚያው በወላይታ ምድር የደብረ መንክራት ተክለ ሃይማኖት ገዳም አለ፤ ጻድቁም ንጉሡም በአንድ አገር ይታሰባሉ። ታደሰ ታምራትን የመሳሰሉ የታሪክ ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ዳሞት ሸዋን ሳይቀር የሚያስጨንቅ ትልቅ መንግሥት ነበር። በደብረ ሊባኖስ የተዘጋጀው ገድል የተጻፈው ጻድቁ ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የዳሞት ጸሐፊ ቢኖር ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? እዚያ በኩል ብራና አልተረፈም። ለአንዱ ወራሪ የሆነ ሰው ለሌላው አባት መሆኑን ግን ሕዝቡ በአፉ አቆይቶታል።

፪

ሁለተኛው ታሪክ ቅርብ ነው፤ ቁስሉም እንደዚሁ።

በኅዳርና በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው ጦር እየመሩ ወላይታ ገቡ። ከእሳቸው ጋር የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር ነበሩ። ከዚያ በፊት የተላኩ ዘመቻዎች አገሩን ማስገበር አቅቷቸው ተመልሰው ነበር። የወላይታው ካዎ ጦና፣ የትግሬ ማላ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ፣ አልገብርም ብሎ ተዋጋ። ወላይታ ካብ ነበረው፣ ጉድጓድ ነበረው፣ ጦርና ጋሻ ነበረው። የመጣበት ግን ጠመንጃ ነው። ጦና ቆስሎ ተማረከ፤ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደና በዚያው ሞተ። ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋር ተጉዞ ያየውን መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። የሞተውን ሰው ብዛት፣ የተነዳውን ከብት፣ በመንገድ የሚጎተተውን ምርኮኛ የጻፈው የንጉሡ ጠላት ሆኖ ሳይሆን እንግዳቸው ሆኖ ነው። ከዚያ ምርኮኛ ውስጥ አንዷ የጓደኛችን ቅም አያት ናት።

በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ዓይን ጥፋቱን ያመጣው የጦና እምቢታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ድል ያደረጉት በእግዚአብሔር ኃይል ነው። የዜና መዋዕል ሥራው ይህ ነው፤ የአሸናፊውን ድል ከሰማይ ጋር ያስማማል። በጸሐፊው አንፈርድም፤ ዘመኑ የሚያውቀው የታሪክ አጻጻፍ ይህ ነበር። እኛ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን፤ ፍለጋውም ሩቅ አይወስድም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው «ክፉ ቀን» የሰሜኑንና የመሐሉን አገር ከብት በደስታ በሽታ ጨርሶ፣ ሰዉን በረሃብ ፈጅቶ ነበር። ከብትና እህል ያለው ደቡብ ነው፤ ጠመንጃ ያለው ሸዋ ነው። ረሃብና ጠመንጃ ሲገናኙ የሚሆነው ሆነ።

ደግሞ ለወላይታ ብለን የወላይታን መንግሥት ጻድቅ አናድርገው። የወላይታ ነገሥታትም በተራቸው ጎረቤት ይወጉ ነበር፣ ባሪያም ነበራቸው። በአገሩ ውስጥ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው የተናቀ፣ ከሰው ማዕድ የተገፋ ነበር። ጦና የወደቀው ኃጥእ ስለነበረ ነው ካልን፣ ያላሸነፈውን ብቻ ነው የምንከስሰው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው ክርክራችንን ያፋፋመው። ያ ጦር ከወላይታ በተመለሰ በዓመት ከጥቂት ወር፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዐድዋ ላይ ቆመ። አሁን ወራሪው ሌላ ነው፤ መድፍ ይዞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። አገሩን የሚከላከለው የምኒልክ ሠራዊት ነው። የጊዮርጊስ ታቦት ወጣ፤ ድሉም የእግዚአብሔር ነው ተባለ፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ይባላል። እኛም እንላለን፤ ዐድዋን የማይኮራበት ከመካከላችን የለም። ግን አንዱ ጓዳችን ጠየቀ፦ በ1887 ጠመንጃ የሌለውን ሕዝብ የወጋ ጦር በ1888 ጻድቅ የሆነው እንዴት ነው? በዚያች አንድ ዓመት ውስጥ ሰማይ ወገን ቀየረ?

መልስ ለማግኘት ብዙ ታገልን። የደረስንበት ይህ ነው፦ ጻድቅነት እንደ ዘር ወይም እንደ ማዕረግ አንዴ ተሰጥቶ የሚኖር ነገር አይደለም። ያው ሰው ዛሬ ግፈኛ፣ ነገ ተበዳይ ይሆናል። የዐድዋው ተዋጊ እውነት ነበረው፤ ያው ተዋጊ በዳልቦና በዳሞታ ሥር አልነበረውም። አንዱ ሌላውን አያጥበውም፣ አንዱ ሌላውን አያረክሰውም። ሁለቱንም መጻፍ ነው።

፫

ሦስተኛው ታሪክ የቤሌው ጓደኛችን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ውኃ የጠጣው ነው።

በ1910ሮቹ መጨረሻ ገደማ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ከጋሞ በኩል ተነሥቶ በወላይታና በአካባቢው ሰበከ። ጣዖቱን ተዉ፣ የሰማዩን አንድ አምላክ ጦሳን ብቻ ለምኑ የሚል ነበር ስብከቱ። ገዢዎቹ ሕዝብ ያሳድማል ብለው ያዙት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ውስጠኛው ሚሲዮን ሰዎች ሶዶ ገቡ። ጣሊያን አገሩን ይዞ በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው፣ በሚሲዮኑ አቆጣጠር በወላይታ የተጠመቁት አማኞች አርባ ስምንት ነበሩ። ነጮቹ ሄዱ፤ መሪ የለም፣ ገንዘብ የለም፤ የተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስም ከፊሉ ብቻ ነው። ጣሊያንም እነዚህን ሰዎች አልወደዳቸውም። ከመሪዎቹ ዋንዳሮ ታሰረ፣ ተገረፈ። ቶሮ የሚባለውም በሰው ፊት ተገርፎ እስር ቤት ተጣለ።

ስለ ቶሮ የሚተረከውን በየቤቱ ትሰማላችሁ። ጠባቂዎቹ «አምላክህ የት አለ?» እያሉ ሲሳለቁበት ኃይለኛ ዝናብና ነፋስ ተነሣ፤ የእስር ቤቱን ጣራ ወሰደው፣ የጭቃ ግድግዳውም ራሰ። ሌሎቹ እስረኞች ሮጡ፤ ቶሮ ተቀመጠ። ጠባቂዎቹም ፈርተው ለቀቁት ይባላል። ሚሲዮናውያኑ ጦርነቱ አልቆ ሲመለሱ አርባ ስምንቱ አሥር ሺህ ገደማ ሆነው ቆዩአቸው። ጣሊያንስ? ግንቦት 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ሶዶ ተያዘች። የያዛት የእንግሊዝ ጦር ቢሆንም ብዙው ወታደር ከአፍሪቃ አገሮች የተመለመለ ጥቁር ነበር። ከዚያም ኦሞን ተሻግሮ ወደ ጅማ አለፈ።

እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይፈለጋል? ጻድቁ ተነሣ፣ ግፈኛው ወደቀ። የቤሌው ጓደኛችን ይህን ሲናገር ፊቱ ይበራል፤ እኛም ደስታውን ልንወስድበት አንፈልግም። አርባ ስምንቱ አሥር ሺህ የሆኑበትን ነገር በኢኮኖሚ ብቻ እገልጻለሁ የሚል ካለ ይሞክር። ከግብርና ከባላባት በታች የተቀመጠ ሕዝብ፣ የራሱ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲሰብከው፣ የተናቀው ሸክላ ሠሪ ከጌታው ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ይህ ምክንያት ነው። ግን ምክንያት መኖሩ የእግዚአብሔርን እጅ አይሽረውም፤ አማኙ «እጁ በዚህ በኩል ነው የመጣው» ይላል እንጂ።

እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነው። ያ ታሪክ ሲተረክ ዘወትር ጣሊያን ሲወድቅ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላስ? ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ አገሩ ነፃ ከሆነ በኋላ፣ እነዚያው አማኞች በገዛ አገራቸው ሹማምንት እጅ ታስረዋል፣ ቤተ ጸሎታቸው ፈርሷል። ግፈኛው ሲወድቅ ግፍ አብሮት አልወደቀም። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

፬

አሁን ወደማይመቸው ክፍል እንግባ።

ግራዚያኒን ሁላችንም እናውቀዋለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን፣ በዚያው ዓመት ደብረ ሊባኖስ ላይ የሆነውን ማንም አልረሳውም። ኃጥእ ይወድቃል ከተባለ መውደቅ የነበረበት እሱ ነው። በኢትዮጵያ ላይ ለሠራው አንድ ቀን ችሎት ፊት አልቀረበም። በገዛ አገሩ፣ በሌላ ጉዳይ፣ በ1942 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወር ውስጥ ተለቀቀ። በ1947 ዓ.ም. ሮማ ላይ ሞተ። ከብዙ ዓመት በኋላም፣ በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ አፊሌ በምትባለው ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጸሎት ከእሱ በታች ነበር እንበል? ማን ደፍሮ ይላል!

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ሁለት የሃይማኖት ሰዎች ተገደሉ። አንዱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሌላው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ያሉ ሰው ናቸው። ጣራ የሚነቅል ዝናብ አልዘነበም፤ ግድግዳም አልራሰም። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በወላይታም በዚያ ዘመን ብዙ የቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ አማኙ በየጓዳው እየተሰበሰበ ይጸልይ ነበር።

ደርግ ወደቀ፤ እውነት ነው። ጦርነቱ፣ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ፣ ረሃቡ፣ የሶቪየቶቹ መዳከም ተባብረው ጣሉት። ግፉ ራሱ ምሰሶውን በልቶት ነበር፤ ልጁ የታፈሰበት ገበሬ ለማን ብሎ ይሙት? በዚህ በኩል ስናየው «ግፍ ጡር አለው» የሚለው የእናቶቻችን አነጋገር ተራ ማስፈራሪያ አይደለም። ግፈኛ ሲፈራ የሚወደው ያጣል፤ የሚወደው ያጣ ደግሞ የሚሞትለት ያጣል። ግን ልብ በሉ፦ ሊቀመንበሩ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ወጡ። በሌሉበት በ1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ አልተፈጸመም። በውጊያ ላይ የቀረው የእናቱ አንድ ልጅ፣ ስሙ የማይጠቀሰው ወታደር ነው። መንግሥት ሲወድቅ ማን ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» የሚለውን ያስታወስነው። ግንዱ ቆሞ ሳለ ጥላው ሥር የተቀመጠው ሁሉ፣ ሲወድቅ ምሣር ይዞ ይመጣል። ከቆራጮቹ የሚበዙት ትናንት ጥላ ሥር የነበሩት ናቸው። «እግዚአብሔር ፈረደበት» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ፣ ቃሉ ለራሱ የሚናገረው ሰው መሸሸጊያ ይሆናል።

፭

በ1977ቱ ረሃብ ወላይታ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። ቤሌ ላይ ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ማግኘት አይቸግርም። የቤሌው ጓደኛችን የአባቱ አጎት በዚያ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። በጊፋታ ማግስት፣ ቆጮና ሥጋ ቀርቦ፣ ክርክራችንን ስናነሣባቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ጥያቄውን በጥያቄ መለሱልን።

«ልጆቼ፣ በዚያ ዓመት መጀመሪያ የሞቱት ሕፃናት ናቸው። የሕፃን ኃጢአት ምንድነው?»

«እሱን ነው እኛም የምንጠይቀው አባባ» አልናቸው።

«እንግዲያው እኔን አትጠይቁኝ» አሉና ሳቁ። ቀጠል አድርገው ስለ ጎፋው የመሬት ናዳ አነሡ።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከወላይታ ብዙም በማይርቀው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙ አልነበሩም። ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ በእጃቸውና በዶማ አፈር ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወደቀባቸው ናቸው። እንግዲህ በዚያች ጧት ቤቱ የቀረ ዳነ፤ ሊረዳ የሮጠ ሞተ። ኃጥእ ይወድቃል፣ ጻድቅ ይቆማል የሚል ሰው ይህን ተራራ በየት በኩል ይወጣዋል? ወንጌሉም ውስጥ በሰሊሆም ግንብ ስለወደቀባቸው ሰዎች ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ የወደቀባቸው ከሌላው የባሱ ኃጥአን አልነበሩም የሚል ነው መልሱ። መጽሐፈ ኢዮብም ከዳር እስከ ዳር ይህንኑ ይሞግታል። የኢዮብ ወዳጆች ጥፋታቸው በወደቀ ሰው ላይ ቁመው ምክንያት መደርደራቸው ነው።

በጋሞና በወላይታ አገር ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። ሕግ ሲጣስ፣ ነውር ሲሠራ በሰውም በከብትም በአዝመራም ላይ መከራ ይመጣል የሚል እምነት ነው። ብዙ ሰው እንደ ኋላ ቀር ነገር ይንቀዋል። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አለበት፦ መከራ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው «እኛ ምን አጠፋን?» ይላሉ። ጣታቸውን መጀመሪያ የሚቀስሩት ወደ ራሳቸው ነው። እኛ በየጋዜጣውና በየመድረኩ የለመድነው ግን «እነሱ ምን ቢያጠፉ ነው እግዚአብሔር እንዲህ ያደረጋቸው?» የሚለውን ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት በንስሐና በምሣር መካከል ያለው ርቀት ነው።

፮

እንግዲህ ምን እንላለን? እግዚአብሔር በታሪክ ውስጥ የለም ልንል ይህን አልጻፍንም። እንደሱ ለማለት የሚያስችል ዕውቀት የለንም፤ ከመካከላችን የማይጸልይም የለም። ልንል የፈለግነው ጠበብ ያለ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ማሸነፍ የጽድቅ ደረሰኝ አይደለም፤ መውደቅም የኃጢአት ማስረጃ አይሆንም። ጦናን ስንመረምር እንዴት እንደወደቀ ሳይሆን ሲገዛ ምን እንደሠራ እንይ። ምኒልክንም ስንመረምር እንደዚሁ፣ በወላይታም በዐድዋም። የሠራውን እንጻፍ፤ የመጨረሻውን ፍርድ ለሚፈርደው እንተው።

ሁለተኛ፣ የነቶሮ ጽድቅ የሚለካው በ1933 ዓ.ም. አይደለም። ጀርባው ሲገረፍ ጣሊያን እንደሚወድቅ አያውቅም ነበር። አስመራም አዲስ አበባም በጣሊያን እጅ ነበሩ፤ ዓለም ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ «አይሆንም» ማለቱ ነው ሰው ያሰኘው። ዝናቡ ባይዘንብ፣ ጣሊያንም ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ኖሮ ቶሮ ያው ቶሮ ነው። ቄስ ጉዲና ሳይድኑ ቀሩ፤ ከቶሮ ያነሱ ጻድቅ አያደርጋቸውም። ዳነ አልዳነ በሚለው ከለካን የምናከብረው ዕድልን ነው።

ሦስተኛ፣ ግፈኛ እንዲወድቅ መጠበቅ ብቻውን ሰውን ሰነፍ ያደርገዋል። ሰማይ ይፈርዳል ብሎ የተቀመጠ፣ ሲፈርድ የሚያየው ወንበሩ ላይ ሌላ ግፈኛ ሲቀመጥ ነው። ሶዶን ነፃ ያወጣት እጅ ካለ በብዙ ጥቁር ወታደሮች እጅ ውስጥ ነበር። በጎፋም እጁ ካለ ናዳውን በላከው በኩል አንፈልገው፤ አፈሩን በጥፍራቸው ሲጭሩ በሞቱት ሰዎች እጅ ውስጥ እንፈልገው። ከዚህ በላይ ማለት አቅማችን አይደለም።

አሁን ወደ ሞቶሎሚ እንመለስ። ገድሉ ያን ንጉሥ ለምን አላጠፋውም ብለን ነበር። አሁን የገባን ይመስለናል። ግፈኛ ሲወድቅ አንድ ሰው ይቀንሳል፤ ግፈኛ ሲመለስ ግን ግፉ ይቀንሳል። በእኛ ዘመን ያለው ችግር መመለስን የሚጽፍ ብዕር ማጣታችን ነው። ሁሉም የሚጽፈው ስለ ጠላቱ ውድቀት ነው፤ ትናንት የወደቀው ልጅም በተራው የጣዩን ውድቀት ይጽፋል። እንዲህ እያልን የት እንደርሳለን?

ከቤሌ ልንመለስ በዋዜማው ማታ፣ ሽማግሌው ያችን ጓደኛችንን ጠሯት። ቅም አያቷ ከዚህ አገር የተወሰደች መሆኗን ሰምተው ኖሯል።

«የኔ ልጅ፣ ጎሳዋ ምን ነበር? ማላ ናት ዶጋላ?»

«አላውቅም አባባ። ስሟን ብቻ ነው የማውቀው» አለቻቸው፤ ስሙንም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ስሙን ደጋገሙት። የወላይታ ስም መሆኑን አረጋገጡ፤ የማን ልጅ እንደነበረች ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ማን ያውቃል። ጥቂት አሰቡና ወደ ቤቱ ሴቶች ዞረው በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ጓደኛችን ሲተረጉምልን፣ «ይህች ልጅ ቤቷ ነው የመጣችው፤ እንደ እንግዳ አታስቀምጧት» ማለታቸው ነበር። ወዲያው ከተቀመጠችበት ወንበር አስነሥተው ወደ ምድጃው አስጠጓት፤ ቅቤም አናቷ ላይ አደረጉላት። የወታደሩ ልጅም አብሮ ተቀምጦ ነበር። ማንም ምንም አላለውም። እሱ ግን አንገቱን ደፋ፤ ቆይቶ ተነሣና ከግቢ እንጨት ይዞ ገብቶ እሳቱን ጨመረበት።

በዚያ ሌሊት የወደቀ መንግሥት አልነበረም፤ መብረቅም አልወረደም። በመኪናው ውስጥ የጀመረው ዝምታ ግን እዚያ ምድጃ ዳር አለቀ። ጠዋት ወደ ሶዶ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እያወራን ነው የመጣነው።